ባለ ሁለት አፍንጫዋ ቀማሽ

በሲጋር ፋብሪካው ውስጥ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም። ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «ጠቅላይ» ነው የሚላት። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው፤ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለመቀጠር ስትቀርብ መዝጋቢው «የሥራ ዓይነት?» ብሎ ጠየቃት። ሲጋር ለመጠቅለል ነበር የመጣችውና አንገቷን ደፍታ «ጠቅላይ» አለች። መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ጠቅላይ ሚኒስትር ነው ወይስ ጠቅላይ አዛዥ?» አላት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ራሷ ሳቀች፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ዛሬም አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች እውነተኛ ባለሥልጣን እየመሰለቻቸው ስታልፍ ብድግ ይላሉ። እሷም «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» እያለች በኩራት ታልፋለች።

አሥራ አንድ ዓመት ጠቀለለች። የመጠቅለያው አዳራሽ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ሰፋፊ መስኮት፣ መሐሉ ላይ አራት ረድፍ ጠረጴዛ። በእያንዳንዷ ሠራተኛ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ጎበጥ ያለች ምላጭና ሙጫ የያዘች ትንሽ ኩባያ ትቀመጣለች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የትምባሆ ቅጠል አጣጥፈው ሆዱን ይሠራሉ፣ ሆዱን በጠንካራ ቅጠል ያስራሉ፣ በመጨረሻም እንደ ሐር የሳሳውን የውጭ ቅጠል ሳይቀደድ ያለብሱታል። ሆዱ ከጠበቀ ሲጋሩ ጭስ አያሳልፍም፤ ከላላ ደግሞ እንደ ጭድ ቦግ ብሎ ያልቃል። ልኩን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። የእሷ ጣት ያውቅ ነበር።

በዚያን ጊዜ የፋብሪካው ቀማሽ ጋሽ አመዴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አመዴ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው፤ ከሲጋር አመድ ሌላ ወሬ ስላልነበራቸው። ጠዋት ጠዋት በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተዘዋወሩ ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ሲጋር ያነሳሉ፤ ክፍላቸው ገብተው ይለኩሱታል፤ የጭሱን አሳሳብ፣ የእሳቱን አነዳደድና ጣዕሙን መርምረው ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ቀን ከጠቅላይ ጎረቤት ጣውላ ላይ አንዱን ሊያነሱ ሲሉ፣ እሷ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«ጋሽዬ፣ እሱ ይጠፋብዎታል።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«ሲጋሩ። መሐሉ ላይ ቋጠሮ አለበት። እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይሞታል።»

«ሳትነኪው በምን አወቅሽ?»

«ሲያነሱት አየሁታ። ጫፎቹ ለመጥ ሲሉ መሐሉ ድርቅ ብሎ ቀረ።»

ጎረቤቷ በዓይኗ ልትበላት ደረሰች። ጋሽ አመዴ ሲጋሩን ይዘው ሄዱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ የጠፋውን ሲጋር በሁለት ጣታቸው ይዘውታል፤ የጠፋው ልክ መሐሉ ላይ ነበር። ከፊቷ ቆሙና «ተነሺ፣ ጣውላሽን ለሌላ አስረክቢ» አሏት። ጠቅላይ የተባረረች መስሏት እንባዋ መጣ። በማግስቱ ከቅምሻ ክፍሉ ሁለተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ የሸክላ ሲጋር ማስቀመጫ፣ ማሰሮ ውሃ፣ የደረቀ ዳቦ በሳህን፣ ወደ ጓሮ የሚከፈት ሰፊ መስኮት። ሽቶ ተቀብቶ የሚገባ የለም። ሽንኩርት የበላ በሩን አያንኳኳም። ቅምሻ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምርና ከምሳ በፊት ያበቃል፤ በቀን ከሦስት ሲጋር በላይ አይለኮስም፣ እሱም እስከ ሲሶው ድረስ ብቻ ነው። ጭሱን አፍ ውስጥ ያቆዩታል እንጂ አይውጡትም። «ጭስ እንግዳ ነው፤ ሳሎን ድረስ አስገቢው፣ ጓዳ እንዳታደርሺው» ይሏት ነበር ጋሽ አመዴ ደረታቸውን እየመቱ። ከዚያ ጥቂቱን ቀስ አድርጎ በአፍንጫ ማስወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን ስትሞክረው እንባዋ እንደ ቧንቧ ወረደ፤ ሽማግሌው መሐረብ አቀበሏትና «ጎሽ፣ አፍንጫሽ ክፍት ነው ማለት ነው» አሏት። ምላስ መራራውንና ጨውን፣ ጣፋጩንና ኮምጣጣውን ከመለየት እንደማያልፍ፣ ጣዕም የሚባለው ነገር አብዛኛው ያለው አፍንጫ ውስጥ እንደሆነ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አመዱን በተመለከተማ ሌክቸሩ ማለቂያ አልነበረውም። ነጣ ብሎ ሁለት ጣት ያህል ሳይወድቅ ከቆመ፣ የጠቀለለችው ሴት ጎበዝ ናት፣ ቅጠሉም ጥሩ ነው። ጠቁሮ እንደ ዱቄት ከረገፈ አንድ የጎደለ ነገር አለ። የእሳቱ ቀለበት በሁሉም ወገን እኩል መሄድ አለበት፤ በአንድ በኩል ቀድሞ ከሮጠ ሲጋሩ ተንሻፏል። ጠቅላይ ይህን ሁሉ በአራት ዓመት ጠጣችው። ጋሽ አመዴ ጡረታ ሲወጡ የሳቸውን ወንበር ወረሰች፤ ማስቀመጫውንም ጭምር።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከበሩ ብዙም የማይሰፋ ሲሆን ግድግዳው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዓቶች ተሰቅለው ሁሉም የየራሳቸውን ያወራሉ። የተገናኙትም በሰዓት ነው። የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ጠቅላይ እንድታሠራው ላኳት። ሰውየው ክዳኑን ከፈተ፣ ጠጋ ብሎ አሸተተ፣ ዓይኑ ላይ ያጣበቃትን ማጉያ መነጽር አወለቀና «እመቤቴ፣ ይሄ ሰዓት ያጨሳል እንዴ?» አላት። ሰዓቱ በሁለት ቀን ተሠርቶ አለቀ። እሷ ግን «ደረሰ ወይ?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰች፤ እሱም «ገና ነው» እያለ ሳምንቱን ሙሉ መለሳት።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ትምባሆ አይወድም። በሕይወቱ አንዲት ጊዜ እንኳ አጭሶ አያውቅም፤ ሽታው ሲመጣበት ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ ገና ከጋብቻው ደንብ ወጣ። ጠቅላይ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ቤት ከመግባቷ በፊት ከኋላ በረንዳ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅላለች፣ ፊቷንና እጇን ትታጠባለች፣ ከዚያ ትገባለች። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ከሱቁ ቀድሞ ይመለስና በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ከሩቅ አሸተት ያደርግና ወቀሳውን ይጀምራል።

«ዛሬ ደግሞ የተቃጠለ ለውዝ ነው የሸተትሽው።»

«ዛሬ አናጢ ቤት ነው እንዴ የዋልሽው? እንጨት እንጨት ትያለሽ።»

«ዛሬስ ደህና ነሽ፤ አዲስ ጫማ ብቻ ነው።»

እሷ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ነው ያገባኸው ወይስ ዕቃ ነው የምትረከበው?» ትለውና ትስቃለች። በሃያ ስድስት የትዳር ዓመት ይህ ወቀሳ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ጠቅላይም አንድም ቀን ልብ ብላ ሰምታው አታውቅም፤ ከሠላሳዎቹ ሰዓቶች ድምፅ ጋር ደባልቃ ነበር የምትሰማው።

እንግዲህ አንድ ዓመት ሴት ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። ሕፃኗ ሁለት ቀን ከአያቷ ጉያ ሳትወርድ ቆየችና ስትሄድ ጉንፋኗን አውርሳ ሄደች። ጠቅላይ አስነጠሳት፣ አተኮሳት፣ በሦስተኛው ቀን ተሻላት። አፍንጫዋ ግን አልተመለሰም። መደፈኑ ቢለቃትም ሽታ የሚባል ነገር ጠፋ። ሳሙና አሸተተች፣ ምንም። የሰዓት ሠሪውን ቤንዚን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች፣ ምንም። «ነገ ይመለሳል» አለች። ነገ አልተመለሰም።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያወጣው፣ እያንዳንዱ ሳጥን የቀማሿን ትንሽ ማህተም ይዞ የሚወጣው ምርጥ ሲጋር በዚያው ሳምንት ሊፈተን ነበር። ዓርብ ወደ ሳጥን ይገባል። የተጠቀለለው ከሦስት የቅጠል ክምር ስለሆነ በሦስት ምድብ ተከፍሏል። ክምሩ የመጋዘኑ ሹም ሥራ ነው። ይህ ሰው ወፈር ያለ፣ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ከሱ ቀድሞ የሚሰማ፣ ቅጠሎቹን ከልጆቹ ለይቶ የማያይ ሰው ነው። የደረቀ ቅጠል በርጥበት ተከምሮ ለወራት ይታመቃል፤ ክምሩ ከውስጥ እየጋለ ይበስላል፤ በየጊዜው እየተገለበጠም የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ ይዞራል። በዚህ መሐል ነው ቅጠሉ ጥሬነቱንና ያንን ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታውን የሚያወጣው።

«እንዲህ ያለ ቅጠል በዘመኔ አላበሰልኩም!» አለ የመጋዘኑ ሹም ሰኞ ጠዋት ናሙናዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ እየደረደረ። «አንቺ ዝም ብለሽ ማህተምሽን አሙቂ።»

ጠቅላይ ከሦስተኛው ምድብ አንዱን አነሳች። በጣቷ ከጫፍ ጫፍ ዳሰሰችው፤ አንድም ቋጠሮ፣ አንድም ጉድጓድ የለበትም። ጫፉን ቆረጠች፣ ለኮሰች፣ ሳበች። ጭሱ ያለ ትግል መጣ። የእሳቱ ቀለበት ዙሪያውን በእኩል እየተራመደ ወረደ። አመዱ ነጣ ብሎ ሁለት ጣት ሙሉ ቆመ፤ እንዲያውም ጠረጴዛውን ሆን ብላ በክርኗ ብትነካው አልወደቀም። ጋሽ አመዴ ቢያዩት ኖሮ እልል ይሉ ነበር። ከዚያ ጭሱን በአፍንጫዋ አወጣችው።

ምንም። የሞቀ አየር ነው። ምላሷ ጫፍ ላይ ብቻ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ነገር ተሰማት፤ እሱንም ከጉንፋኑ የተረፈ ነው ብላ ተወችው።

ወረቀቱ ላይ «አሳሳብ፦ እጅግ ጥሩ። አነዳደድ፦ እጅግ ጥሩ» ብላ ጻፈች። «ጣዕም» ከሚለው ፊት ብዕሯ ቆመ። ባዶውን ተወችና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት ስትሄድ ልቧ ከብዷት ነበር። በረንዳው ላይ ካፖርቷን ስታወልቅ ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሞ አየር ሳበ፤ ሳበና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ኧረ ባክሽ! የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው እንዴ የዋልሽው?»

ጠቅላይ አንድ እጇ ከካፖርቱ ሳይወጣ ቀጥ አለች። «ምን አልክ?»

«ጋጣ። ጋጣ ነው ያልኩት።»

«እስቲ ጠጋ በልና አሽትት።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አሽትት አልኩህ እኮ!»

ካፖርቱን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርዝ እንደሚጠጣ ሰው ተጨማዶ፣ አሸተተ። «ፊት ለፊቱ ደህና ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የዳቦ ቅርፊት ይመስላል። ከኋላ ግን ጋጣ አለ፤ ያውም ሳይጠረግ የከረመ። ዓይኔን ሳይቀር ቆጠቆጠኝ። በይ ውሰጂልኝ።»

ጠቅላይ ምላሷ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደረጋት ትዝ አላት። ካፖርቷን ሰቀለችና ባዶ ቆርቆሮ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሦስት ንጹሕ የጨርቅ ቁራጭና ክዳናቸው የሚጠብቅ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ሥራ ገባች። ከየምድቡ አንዳንድ ሲጋር ለኮሰች፤ የእያንዳንዱን ጭስ በየጨርቁ ላይ እፍ አለችበትና በየቆርቆሮው ከደነች። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ከሥሩ ጻፈች። ወደ ቤት እንደደረሰች ቆርቆሮዎቹን በረንዳው ላይ ደረደረችና ባሏን ጠራችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ክፈትና እንደ ሁልጊዜው ውቀሰኝ።»

ሰውየው ሚስቱን ከጉንፋኑ ጋር ሌላ ነገር እንደያዛት ጠረጠረ። ቢሆንም ከፈተ። የመጀመሪያው «የተጠበሰ ለውዝ ነው፤ አልወደውም፣ ግን ንጹሕ ነው» ተባለለት። ሁለተኛውም ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውን ገና ክዳኑን ሲያላላው እጁን ሰበሰበ። «ይኸውልሽ ጋጣው!»

ጠቅላይ ቆርቆሮውን ገልብጣ ከሥሩ አየች፤ ሦስተኛው ምድብ። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ አፍንጫዋ ከጠፋ ስድስት ቀን እንደሆነው፣ ወረቀቱ ባዶ እንደሆነ፣ ዓርብ ሳጥኑ እንደሚታሸግ። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ በድንጋጤ ሰማት። ከዚያ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ሳቁ አምልጦት ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ሳቀ።

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስነጫነጭ የኖርኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው በይኛ!»

እሷም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ጣዕሙ ጥሩ ነው ብላ ምልክት ብታደርግ ማንም አይጠይቃትም። አነዳደዱ እንደሁ እንከን አይወጣለትም፤ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ያንኑ ቃል ነው። አፍንጫ የሌላት ቀማሽ መባል ደግሞ መሣቂያ መሆን ነው። እያሰበች አመሸች። ጠዋት ስትነሳ ግን ጫማዋን እያሰረች «ይሁና፣ ይሳቁ» አለች ለራሷ፤ ቀጥ ብላም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ከሷ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የመጋዘኑ ሹምም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጠቅላይ ሁለቱም እየሰሙ ሳትደብቅ ተናገረች። ስትጨርስ የቁልፉ ዘለላ ተንጫጫ፤ የመጋዘኑ ሹም ብድግ ብሏል።

«እኔ ስምንት ወር ያበሰልኩት ቅጠል በባልሽ አፍንጫ ሊወድቅ ነው? አንድ ሰዓት ጠጋኝ ስለ ትምባሆ ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም» አለች ጠቅላይ። «ይጠላዋል እንጂ። ግን ሲጠላው ለይቶ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ለመዋጥ ሳል አበዛ። «እትዬ ጠቅላይ፣ እሳቸው እዚህ ቢመጡ እኮ ነገሩ ይቋጫል» አለ።

ባሏ ግን አልመጣም አለ። ሱቁ ድረስ ሄዳ ስትነግረው ራሱን ከሰዓቶቹ ላይ ሳያነሳ «እኔ? እዚያ ጭስ ቤት? በፍጹም» አላት። ለመነችው፣ እንቢ። ተቆጣችው፣ እንቢ። በመጨረሻ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለችና «እሺ፣ ይቅር። የመጋዘኑ ሹምም ሰዓት ጠጋኝ ምን ያውቃል ብሎ ነበር» አለች።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ። «ጠጋኝ? ጠጋኝ አለ?» ሽርጡን ፈታ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ ኮቱን እየለበሰ ከፊቷ ቀድሞ ወጣ።

ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ፣ መሐረቡን በእጁ ጨብጦ አቆሙት። የመጋዘኑ ሹም ፈተናውን ራሱ አዘጋጀ። አምስት ሲጋር ከየት እንዳመጣ ለማንም ሳይናገር፣ ተራ በተራ እየለኮሰ በአንድ ርምጃ ርቀት አሳለፋቸው፤ በየመሐሉም መስኮቱ ተከፍቶ አየር እየተለወጠ።

«ለውዝ» አለ ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያው። ለሁለተኛው ወዲያውኑ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ጣለ። «ጋጣ!» ሦስተኛው «ለውዝ፣ የመጀመሪያው ወንድም» ሆነ። ለአራተኛው ትንሽ አሰበና «ይሄ የዘንድሮ አይመስለኝም፤ የቆየ መጽሐፍ ይሸታል። ይሄኛው እንኳ አያስከፋም» አለ። አምስተኛው ሲቀርብ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ወንድሜ፣ አሁንማ እያላገጥክብኝ ነው። ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ያው ጋጣ ነው።»

የመጋዘኑ ሹም እጁ ላይ ያለውን ሲጋር አየ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውንም አየ። ከሦስተኛው ምድብ ሁለት ጊዜ ያቀረበው ሊያጠምደው ብሎ ነበር። አራተኛውም ከአምናው ምርት የተቀመጠ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲጋሩን ተቀብሎ ራሱ ሳበና በአፍንጫው አወጣው። እንባው መጣ። «ጋጣ ነው» አለ እየሳለ፤ «ከኋላ በኩል።»

የመጋዘኑ ሹም ቁልፎቹን እያንጫጫ ወጣ። የሄደው ሦስተኛው ክምር ጋ ነበር። የተረፈውን ቅጠል በገዛ እጁ እየገለበጠ እስከ ክንዱ ገባ፤ በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው። ክምሩ ከግድግዳው ተጠግቶ ስለተሠራ በዚያ በኩል የሚገለብጡት ሰዎች እጃቸው አልደረሰም፤ ያ ጎን ከስምንት ወር ግማሹን ሳይበስል ተኝቶ ከርሟል። በየሲጋሩ የገባው ጥሬ ቅጠል ከሆዱ ቅጠሎች አንዱ ብቻ ስለሆነም አነዳደዱን አላበላሸውም፤ ሽታውን ነው ይዞ የቀረው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ወደሚጠብቁበት ክፍል ተመልሶ ሲመጣ ፀጉሩና ጢሙ በቅጠል ብናኝ ተሸፍኖ ነበር። ጠቅላይ ፊት ቆመ። «ልክ ነሽ» አላት። ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሮ፣ ለመናገር እየተቸገረ፣ «ሰዓት ሠሪው» አለው፤ ቃሉን ጠበቅ አድርጎ። «ይቅርታ። ጠጋኝ ያልኩት ተናድጄ ነው።»

«እኔም ጋጣ ያልኩት ተናድጄ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «ጋጣው ግን ጋጣ ነው።»

አራቱም ሳቁ። ዓርብ ዕለት ሁለቱ ምድቦች ታሸጉ፤ ሦስተኛው ሽታው እስኪለቀው በዝግባ መደርደሪያ ላይ እንዲያርፍ ተወሰነ፤ የተረፈው ቅጠልም ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ እንደገና ተከመረ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓት ሠሪውን ከጠቅላይ ጎን በወር ሁለት ቀን እንዲሠራ ጠየቀው። ሰዓት ሠሪው በትህትና እንቢ አለ፤ «እቤት በነፃ የማገኘውን መከራ እዚህ ድረስ ልፈልገው አልመጣም» ብሎ።

የጠቅላይ አፍንጫ የተመለሰው በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ጠዋት ልብስ ስታጥብ እጇን አንስታ ፊቷን ልትጠርግ ስትል አንድ ነገር መጣባት፤ ደካማ፣ ከሩቅ። እጇን እንደገና አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ሳሙና! እርጥብ እጇን ይዛ በቤቱ ውስጥ ሮጠች። በሩን አሸተተች፣ ትራሱን አሸተተች፣ የጫማ ቀለም ክዳን ከፈተች፤ ገና ያልተነሳውን ባሏን አንገቱ ሥር አሸተተችው። «ኧረ ውሃሽ ቀዘቀዘኝ!» እያለ ዘለለ። «የዘይት ሽታ አለህ፣ የሰዓት ዘይት!» አለችው፤ እንባዋ እየወረደ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ አድርጋ አሽትታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። ሰዓት ሠሪው ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበና፣ ፈገግ ብሎ፣ «በይ እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው፤ ውቀሺኝ» አላት።

ሦስተኛው ምድብ ከአምስት ወር በኋላ እንደገና ተፈተነ። የመጋዘኑ ሹም ቁልፎቹ እንዳይንጫጩ በእጁ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ። ጠቅላይ ለኮሰች፣ አቆየች፣ በአፍንጫዋ አወጣች። መጀመሪያ ትኩስ ዳቦ መጣ፣ ከሥሩ ለውዝ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላሷን ቆንጠጥ አደረጋትና ጠፋ። ከኋላ የሚከተል ክፉ ነገር አልነበረም። እንደገና ሳበች፤ ለፈተና አልነበረም፤ ደስ ስላላት ነው። ሹሙን ቀና ብላ አየችውና ማህተሙን አነሳች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወጣት ሴቶች ከመጠቅለያው አዳራሽ መርጣ ቅምሻ ታስተምር ጀመር። ወረቀቱንም አስለወጠችው። «ጣዕም» ከሚለው ጎን ጥሩ፣ መካከለኛና መጥፎ የሚሉ፣ ምልክት የሚደረግባቸው ሦስት ሳጥኖች ነበሩ፤ እሷ አራተኛ አስጨመረች። «ዛሬ አልችልም» ይላል። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩበት፤ ሳጥኑ ለሁለት ወር ማንም ሳይነካው ቆየ። በመጨረሻ ምልክት ያደረገበት ሥራ አስኪያጁ ነው። አንድ ጠዋት ሊቀምስ ገብቶ ሲጋሩን ለኮሰ፣ ፊቱን አኮማተረ፣ ጠቅላይ ደግሞ ከወንበሯ ወደ ኋላ ራቅ አለች።

«ነጭ ሽንኩርት በልተው ነው የመጡት?»

«ትንሽ ነው፣ እትዬ።»

ጠቅላይ ወረቀቱን ወደሱ ገፋ አደረገችና አራተኛው ሳጥን ላይ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አወጣ፣ ምልክት አደረገ፣ ሲጋሩን ማስቀመጫው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ሁለቱ ወጣቶችም በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሳቃቸውን ይዘው ቆዩ።